መዝገቡ የተዘጋው በየትኛው ቁጥር ነው?

ዛሬ ሥራ እጄ ላይ አልሄድ ብሏል። ጠዋት በወንጀል ከተከሰሰ አንድ ልጅ ቤተሰብ የደረሰኝ መልእክት «ተመስገን፣ የልጁ መዝገብ ተዘጋ» ይላል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከበደኝ። በየትኛው የሕግ ቁጥር (አንቀጽ) እንደተዘጋ የጠየቀ ሰው የለማ!

ገና ክስ ሳይመሠረት ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ዐቃቤ ሕግ የፖሊሱን የምርመራ መዝገብ አይቶ ማስረጃው ለማስቀጣት አይበቃም ካለ ወይም ይርጋ (የክስ ማቅረቢያው ጊዜ ማለፍ) ካገደው፣ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 42 መሠረት አይከስም። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ቀላል ወንጀሎች ላይ ደግሞ ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ባወቀ በ3 ወር ውስጥ ካላመለከተ ጉዳዩ እዚያው ይቀራል። ሽማግሌ ገብቶ መታረቅ ግን ከባድ የአካል ጉዳትን ክስ አያስቀርም። ቅጣት ያቀል ይሆናል እንጂ። ስንት ቤተሰብ ታርቀናል ብሎ ቀጠሮ እንደሚያሳልፍ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ከተከሰሰ በኋላ ከሁሉ የሚሻለው የዚያው ሕግ ቁጥር 141 ነው። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው ቢያልቁም ክሱን ካላስረዱ፣ ፍርድ ቤቱ ተከሳሹ መከላከያ ማቅረብ ሳያስፈልገው በነጻ እንዲሰናበት ብይን ይሰጣል። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ሊል ይችላል፤ ይግባኙ ካልተሳካለት ግን በዚያው ጉዳይ ዳግም ክስ የለም።

ቁጥር 122 ሌላ ነው። ዐቃቤ ሕግ ከፍርድ በፊት፣ በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ክሱን ያነሳል። በጥር 2010 ዶ/ር መረራ ጉዲና ከእስር የወጡት ክሳቸው ተነስቶ ነው፤ ጥፋተኛም ነጻም የሚል ፍርድ አልተሰጠም። ይቅርታም አይደለም፤ ይቅርታ ከተፈረደ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። በዚህ መንገድ የተነሳ ክስ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

የልጁ ግን ሦስተኛው ዓይነት ይመስለኛል። ምስክር በመጥሪያ አልመጣም፤ ታስሮ ይቅረብ ተባለ፤ ፖሊስ በአድራሻው አላገኘሁትም ብሎ መለሰ፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደራረበ። በመጨረሻ ትዕዛዙ ላይ አንዲት መስመር ትጻፋለች፦ «ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን ባገኘ ጊዜ መዝገቡን የማንቀሳቀስ መብቱ ተጠብቆ ተዘግቷል።» ችሎት ውስጥ በፍጥነት ስትነበብ ማንም አይሰማትም፤ ሁሉም የሚሰማው «ተዘግቷል» የሚለውን ነው።

ስለዚህ የትዕዛዙን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት አስወጡ፣ ቁጥሩን አንብቡ ብዬ ጽፌላቸዋለሁ። ለዋስትና የተያዘው ገንዘብም እንዲመለስ ደረሰኙን አያይዞ ማመልከት ያስፈልጋል። ከአገር እንዳይወጣ የተጻፈው እግድም በራሱ አይነሳም፤ ፍርድ ቤቱ ለኢሚግሬሽን እንዲጽፍ መጠየቅ አለበት። ይህን ሳያደርጉ ቀርተው ኤርፖርት ላይ የሚመለሱ አሉ።

አንድ ነገር ግን መልስ አላገኘሁለትም። ምስክሩ ከሦስት ዓመት በኋላ ቢገኝ መጥሪያው የሚሄደው መዝገቡ ላይ ባለው አድራሻ ነው። ልጁ ያኔ ቤት ቀይሮ ከሆነ፣ መዝገቡ እንደተንቀሳቀሰ በምን ያውቃል?