በእርሳስ የተቆጠሩ ምሽቶች

ዛሬ ሽቱትጋርት ውስጥ ኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ) በምሠራበት ድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊዋ ስለ ሥራ ቀኖቼ አነጋግራኝ ነበር። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በጀርመን በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይፈቀድለታል፤ እስከ 2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ 120 ሙሉ ቀን ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ካፌ ያስተናገድኩባቸውን ምሽቶች በወረቀት ቀን መቁጠሪያ ላይ በእርሳስ፣ እያንዳንዱን በግማሽ ክብ፣ ሳትቸኩል ምልክት አደረገችባቸው፤ የትምህርት መርሐ ግብሩ ያስገደደኝን ልምምድ ግን፣ ከተፈቀደው ቀን ስለማይቀነስ፣ ባዶውን ተወችው። ደስታዬ ሳይበርድ፣ ግዴታ የሆነ ልምምድ በሕግ የተደነገገው ዝቅተኛ ክፍያ እንደማይመለከተው በዚያው ረጋ ያለ ድምፅ ነገረችኝ። አገር ቤት ያሉ ታናናሾቼ ስለ ስኮላርሺፕና ስለ ቪዛ ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ ልምምዱ ግዴታ ይሁን በፈቃድ ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም፣ የወሩን የቤት ኪራይ መክፈል መቻል አለመቻሌን የሚወስነው እርሱ ሆኖ ሳለ።