የአባት ሱሪ ኪስ

የጥቁሮች ታሪክ ወር በመጣ ቁጥር ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ቀለም የተቀባ የአውቶቡስ ሥዕል ይዘው ይመለሳሉ። ሥዕሉን አልጠላውም፤ ነገር ግን የስድስት ዓመት ልጅ አውቶቡስ ስለቀባ ብቻ ጥቁር አሜሪካዊቷ ሮዛ ፓርክስ እ.ኤ.አ. በ1955 በአላባማ ግዛት ሞንትጎመሪ ከተማ አውቶቡስ ውስጥ ለነጭ ተሳፋሪ ከመቀመጫዋ አልነሣም ስትል ምን እንደከፈለች ሊገባው አይችልም። ልጁ በእጁ የሚሠራው ነገር ራሱ ታሪኩን የተሸከመ መሆን አለበት ብዬ ስለማምን፣ ዘንድሮ በቅዳሜው የአማርኛ ክፍላችን ለትንንሾቹ የመረጥኩት የጊዝ ቤንድ ሴቶችን ብርድ ልብስ ነው።

ጊዝ ቤንድ በአሜሪካ አላባማ ግዛት የሚገኝ፣ የአላባማ ወንዝ በሦስት በኩል የከበበው የጥቁሮች መንደር ነው። የነዋሪዎቹ ቅድመ አያቶች በጥጥ እርሻው ላይ በባርነት የኖሩ ሲሆኑ፣ ዛሬም ብዙዎቹ የሚጠሩበት ፔትዌይ የሚለው ስም የባሪያ አሳዳሪው ስም ነበር፤ ነፃ ከወጡ በኋላም በዚያው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው ቀሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጥቁሮቹ ለምርጫ ለመመዝገብ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ወንዙን የሚያሻግራቸው ጀልባ ተቋረጠባቸው፤ አገልግሎቱ የተመለሰው በ2006 ነው። ሴቶቹ ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያለቀ የሥራ ልብስ እየቀደዱ፣ ቁራጩን ከቁራጭ በዓይናቸው እየመጠኑ፣ ልጆቻቸውን ከብርድ የሚያድን ልብስ ይሰፉ ነበር።

አሮጌ ልብስ እንዲልኩ ስጠይቅ ቅር ያላቸው እናቶች ነበሩ። በእኛ ዘንድ ድሪቶ የድህነት ስም ነውና፣ አንዷ «ልጄን ድሪቶ ልታሰፊያት ነው?» አለችኝ። «አዎ እህቴ፤ እነሱ የሰፉት ድሪቶ በ2002 ኒውዮርክ ሙዚየም ተሰቅሏል» ብዬ ፎቶውን አሳየኋት።

ጨርቁን ስንዝር ስንዝር አድርጌ ቆረጥኩ፤ ዳር ዳሩን በወስፌ ቀድሜ በሳሁትና ጫፉ ዶልዱም የሆነ የፕላስቲክ መርፌ ከወፍራም ክር ጋር ሰጠኋቸው። ንድፍ ግን ሆን ብዬ አልሰጠኋቸውም።

ከልጆቹ አንዷ የአባቷን ጂንስ ሱሪ ይዛ መጥታ ነበር። የኪሱን ስፌት ተርትረን ስናነሣው ዙሪያው ነጥቶ ሳለ ከሥሩ ያለው ጨርቅ እንደ አዲስ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ብቅ አለ። «እዚህ ጋ ለምን አዲስ ሆነ?» አለችኝ። ፀሐይና ሳሙና ስላልደረሰበት መሆኑን ነገርኳት። ወዲያው ሌላው ልጅ በጊዝ ቤንድ ብርድ ልብስ ፎቶ ላይ ተመሳሳይ ጠቆር ያለ አራት ማዕዘን አገኘና «ይሄስ የማን አባት ኪስ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

የጊዝ ቤንዷ ሚዙሪ ፔትዌይ ባሏ ሲሞትባት በ1942 የሥራ ልብሶቹን ቀድዳ፣ እሱን እያስታወሰች የምትለብሰው ብርድ ልብስ እንደሰፋች የነገርኳቸው ያን ጊዜ ነው። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ልጅቷ ያንን ቁራጭ ማንም ሳይነግራት መሃል ላይ አስቀመጠችው። እስካሁን ሃያ አራት ቁራጭ ገጥመናል፤ ሁለት ረድፍ ይቀረናል።