ስትጠራጠሩ ለማን እንደምትናገሩ ምረጡ

እህቴ ስትታመም ያልሞከርነው የለም። ጸበል ወሰድናት፣ ሱባኤ ገባን፣ ስለት ተሳልን። ሞተች። እኔም ጸሎት ተውኩ። ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ግን አልተውኩም፤ እናቴ ትጠይቀኛለቻ!

ከመጠራጠሩ ይልቅ የከበደኝ መናገሩ ነው። ሁሉም "ለነፍስ አባትሽ ንገሪ" ይላል። ነገርኩ። ከቅዳሴ በኋላ ነው፣ ሰው መስቀል ለመሳለም ተሰልፏል፤ ሌላ ጊዜ አይገኙም። "አባቴ፣ እግዚአብሔር የሚሰማን አይመስለኝም" አልኳቸው። "ልጄ፣ ይሄ የክህደት መንፈስ ነው። ስገጂ፣ አትመራመሪ" አሉኝና መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ወደ ቀጣዩ ዞሩ። የእህቴን ፍትሐት ያደረሱት እኮ እሳቸው ናቸው! ስሟን እንኳ አላነሱም። አንዴ "እንዴት ነሽ ከእሷ በኋላ?" ቢሉኝ እዛው አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ከኋላዬ የቆሙት ሴትዮ ደግሞ ጆሯቸውን ጥለው ኖሮ፣ እኔ ቤት ሳልደርስ "ልጅሽ ተለክፋለች" ብለው ለእናቴ ደውለዋል። ስግደቱን ሰገድኩ። ከጉልበት ሕመም በቀር ያገኘሁት የለም። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ያቆየኝ የዳግም ትንሣኤ ስብከት ነው። የሰበኩት ሽማግሌ ቄስ፣ የጌታን ትንሣኤ የተጠራጠረውን ሐዋርያ ቶማስን አልወቀሱትም። ጌታ ወደ ቢታንያ ሲሄድ "ከእርሱ ጋር እንሙት" ያለው ይኸው ቶማስ መሆኑን አስታወሱን። ከዚያ "ካላየሁ አላምንም ካለ በኋላ ስምንት ቀን የት ነበር?" ብለው ጠየቁ። እዛው፣ ከሐዋርያቱ ጋር። እሱ አልሄደም፣ እነሱም አላባረሩትም።

በሌላ ቀን ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። እህቴ ለምን እንደሞተች ስጠይቃቸው "አላውቅም፣ ልጄ" አሉኝ። ማንም እንደዛ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ማርቆስ 9 ላይ የታመመ ልጁን ይዞ የመጣው አባት የጮኸውን ብቻ እንድጸልይ ነገሩኝ፦ "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው።" ሕልም አላየሁም፣ ተአምርም አልሆነም። በጣም ቀስ ብሎ ነው የተመለሰልኝ፤ ቆይቶ ሳላስበው ለእህቴ ነፍስ መጸለይ ጀምሬ ነበር።

ስለዚህ ጥርጣሬው እስኪለቃችሁ ብላችሁ ከቅዳሴ አትቅሩ፣ ከነጥርጣሬያችሁ ቁሙ። ሰልፍ ላይ ግን ምንም አትናገሩ። የነፍስ አባት መቀየርን እንደ ነውር የሚያዩ አሉ፤ እኔ ቀይሩ ነው የምለው፣ ቀድሞ የነበሩትን በአክብሮት ተሰናብታችሁ። እኔ ስሰናበት "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ብለው ሸኙኝ። ለምን እንደሄድኩ እስከ ዛሬ አልጠየቁኝም።