መለያው ላይ የተጻፈው 225

በጋራዣችን የናፍጣ ሞተሯ ወጥቶ በኤሌክትሪክ እንድትሄድ የተወሰነላት ፒክአፕ የአለቃችን የግል መኪና ነበረች። የኤሌክትሪክ ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያገናኘውን ብረት ለማስተካከል ብቻ ሳምንታት የፈጀን ሰዎች ባትሪውን ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ መርጠን ጨረስን።

የኤሌክትሪኩ ሥራ የእኔ ስለነበር ስሌቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ሞተሩ የሚፈልገው 144 ቮልት ነው፤ ለጎልፍ ጋሪ የሚሠሩት ባለ 6 ቮልት የአሲድ ባትሪዎች 24ቱ በተከታታይ ሲያያዙ ልክ ይመጣሉ። የመኪና ማስነሻ ባትሪ ለዚህ እንደማይሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሳህኖቹ ስስ ስለሆኑ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፔር ይሰጣል እንጂ በየቀኑ ወርዶ መሞላትን አይችልም። በመረጥናቸው ባትሪዎች ላይ 225 አምፔር ሰዓት የሚል መለያ ተለጥፏል፤ የሚሳበው አምፔር በሚቆይበት ሰዓት ሲባዛ የሚገኘው የባትሪው አቅም ማለት ነው። መኪናዋ በሜዳ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ 100 አምፔር ገደማ እንደምትስብ ገመትኩ፤ 225ን ለ100 አካፍዬ፣ የወጣውን ሰዓት በ60 አባዝቼ፣ ባትሪው እንዳይጎዳም ከአቅሙ 20 በመቶውን ሳልነካ ትቼ፣ «ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ» ብዬ በወረቀት ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠኋቸው። እሳቸውም አጥፈው የቱታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

እያንዳንዱ ባትሪ 28 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን 24ቱ ተደምረው ወደ 670 ኪሎ ይደርሳሉ። ካሶኒው ላይ ደርድረን ስንጨርስ ባሌስትራው ጎብጦ መኪናዋ ጭነት ይዛ የቆመች መሰለች። ነገሩ ሊያስጠነቅቀን ይገባ ነበር፤ እኛ ግን ባሌስትራ ስለመጨመር ነበር የተነጋገርነው።

ለሙከራ የወጣን ዕለት 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሰላም ሄድን። ከዚያ አንድ ረጅም ዳገት ጀመርን።

«ጋሼ፣ ቮልቱ እየወረደ ነው።»

«ስንት ደረሰ?»

«118።»

ቃሉን ሳልጨርስ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ኃይሉን ቆረጠና መኪናዋ ዳገቱ መሐል ቆመች። አሳሳች የሆነው ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆመን ስናየው ቮልቱ ተመልሶ 146 ሆነ። አለቃዬ ፊታቸው በራ፤ «ባትሪውማ ምንም አልሆነም፤ የሆነ ቦታ የላላ ገመድ ነው» አሉ። እኔም ስሌቴን ከምጠራጠር ገመዱን ብጠራጠር ይቀለኝ ስለነበር ቶሎ ተስማማሁ። ሁለት ቀን ሙሉ 48ቱንም ተርሚናል እየፈታን ጠርገን አሰርን። በሦስተኛው ቀን መኪናዋ እዚያው ዳገት ላይ፣ ካለፈው ቦታ ብዙም ሳትርቅ ቆመች።

አሲድ ባትሪ ሲያርፍ የሚያሳየው ቮልት ስለ ድካሙ ብዙም እንደማይናገር ያን ጊዜ ነው በቅጡ የገባኝ፤ መለካት ያለበት ሸክም ላይ እንዳለ ነው። ከየባትሪው ትንሽ ፊውዝ ያለው ቀጭን ሽቦ ወደ ጋቢና ስቤ፣ አለቃዬ እየነዱ እኔ ቴስተሩን ይዤ በተራ አነበብኩ። ዳገቱ ላይ 230 አምፔር ሲሳብ አብዛኞቹ 5 ቮልት አካባቢ ሲቆሙ 17ኛው ወደ 3.6 ወረደ። ተገኘ ብለን ቀየርነው፤ ያተረፍነው ግን ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር።

በዚያ ምሽት የአምራቹን የመረጃ ወረቀት አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። 225 የሚለው ቁጥር የተለካው ባትሪው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲወርድ፣ ማለትም 11.25 አምፔር ብቻ ሲሳብበት ነው። ፖይከርት የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳየው መሠረት ከአሲድ ባትሪ የሚሳበው አምፔር በጨመረ መጠን የሚገኘው አቅም ይቀንሳል። በእሱ ቀመር 100 አምፔርን አስገብቼ ስሠራው 225 የነበረው ወደ 130 ወረደ፤ ለዳገቱ 230 ስከት ደግሞ ከዚያም በታች ሆነ። መኪናዋ ማድረግ የምትችለውን ያህል ስታደርግ ኖራለች ማለት ነው።

ጠዋት ይህንኑ ስነግራቸው አለቃዬ ዝም ብለው ሰሙኝና ያንን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። «ታዲያ ይህን የጻፈው ማን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አልተቆጡም፤ «ለሁለተኛው ግዢ ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ያንን የመረጃ ወረቀት አብረን እናነባለን» ብለው ብቻ ሄዱ።

ሁለተኛው ምርጫ ሊቲየም ብረት ፎስፌት ሆነ። ኒኬልና ኮባልት ያለበት የሊቲየም ዓይነት ለተመሳሳይ ክብደት የበለጠ ኃይል ይይዛል፤ ነገር ግን ሲሞቅ ከቁጥጥር የሚወጣው ቀድሞ ስለሆነ በእጃችን በሠራነው ሳጥን ውስጥ ልናኖረው አልደፈርንም። አንዱ ሴል 3.2 ቮልት ስለሆነ 45ቱ 144 ይሰጣሉ፤ ባለ 280 አምፔር ሰዓት ሴል ከ5 ኪሎ ትንሽ ስለሚበልጥም ጠቅላላው 250 ኪሎ እንኳ አይሞላም። በዚህ ዓይነት ባትሪ ላይ የፖይከርት ነገር ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ይሁን እንጂ ወረቀቱን በጋራ ስናነብ ሌላ መሰናክል አገኘን፤ መጀመሪያ የቀረበልን ሴል ለቤት ኃይል ማከማቻ የተሠራ በመሆኑ ያለማቋረጥ እንዲሳብበት የሚመከረው 140 አምፔር ነበር። መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡ ያገኙት አለቃዬ ናቸው። እሱን ትተን 280 አምፔር ያለማቋረጥ የሚፈቅደውን መረጥን።

ቻርጀሩም ተለወጠ። እያንዳንዱ ሴል ከ3.65 ቮልት እንዳያልፍ፣ ከ2.5 እንዳይወርድና ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ እንዳይሞላ የሚጠብቅ መቆጣጠሪያም ገባ። አለቃዬን ያስቸገራቸው ቮልቲሜትሩ ነው፤ የዚህ ባትሪ ቮልት ከሙሉ እስከ ሊያልቅ ሲል ድረስ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ የቀረውን የሚናገረው የገባና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር ሌላ መሣሪያ ነው። እስካሁንም ከልምድ የተነሳ መጀመሪያ የሚያዩት ቮልቲሜትሩን ነው። መኪናዋ በዚያው መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ሄዳ ስትመለስ አምስተኛው እጅ ቀርቷት ነበር።

ከአሲዶቹ ባትሪዎች ደህና የሆኑትን ስምንቱን አራት አራቱን በተከታታይ፣ ሁለቱን ረድፍ ደግሞ ጎን ለጎን አያይዘን መብራት ሲጠፋ ለጋራዡ እንዲያገለግሉ አደረግናቸው። አንድ ሌሊት 12 ሰዓት ሙሉ፣ ከየረድፉ 10 አምፔር ገደማ እየተሳበ አበሩ። ጠዋት ክዳናቸውን ከፍቼ አሲዱን ከውሃ አንጻር ያለውን ጥግግት በሚለካው ሃይድሮሜትር ስስበው 1.20 ላይ ቆመ፤ ግማሽ ያህል ቀርቷቸዋል ማለት ነው፤ መለያቸው ላይ በተጻፈው 225 ሲሰላም የሚመጣው ያው ነው።