ሁለት ነው ወይስ ሦስት?

ደሴ፣ ቅዳሜ ማታ

ሳምንቱ አልቆም አንዲት ተማሪዬ የጠየቀችኝ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። ኤሌክትሮን በመስጠትና በመቀበል የሚጣመሩትን የአዮኒክ ውህዶች ፎርሙላ ስንጽፍ፣ የሶዲየም ቫለንሲ (ሲጣመር የሚሰጠው ኤሌክትሮን ብዛት) ሁልጊዜ አንድ፣ የካልሲየም ሁልጊዜ ሁለት እያልን በሰላም መጥተን ብረት ላይ ደረስን። እጇን አነሳች። «መምህር፣ የብረት ቫለንሲ ሁለት ነው ወይስ ሦስት? አንዱን ይንገሩንና እንያዘው።»

ልጆቻችን ቫለንሲን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃላቸው ይዘው ይመጣሉ። ፎርሙላ መጻፍም ሁለት ቁጥሮችን አሻግሮ ከግርጌ ማስቀመጥ ብቻ ይመስላቸዋል። እንደ ብረትና ማንጋኒዝ ያሉት የሽግግር ብረታት ይህን እሺ አይሉም፤ የምወዳቸውም ለዚሁ ነው። ብረት በመጀመሪያ ከውጨኛው ምሕዋር ሁለት ኤሌክትሮን ይሰጣል። ከዚያ ሥር ያሉት ኤሌክትሮኖች ኃይላቸው የተቀራረበ ስለሆነ ሦስተኛም ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ብረትን ለብቻው አቁሞ ሁለት ነህ ሦስት ብሎ መጠየቅ አያዋጣም፤ ከማን ጋር፣ ስንት ለስንት እንደተጣመረ ማየት ያስፈልጋል።

የክፍላችንን ጣሪያ አሳየኋቸው። የጦሳ ተራራ ግርጌ ክረምት ለቆርቆሮ አይመለስም፤ የዚንክ ልባሱ ያለቀበት ሁሉ ቀልቷል። ዝገቱ ውሃ ያዘለ ውህድ ነው፤ ውሃውን ብንተወው ሁለት ብረት ለሦስት ኦክስጅን ይሆናል። ኦክስጅን ሁለት ኤሌክትሮን ስለሚቀበል ቻርጁ ኔጌቲቭ ሁለት ነው፤ ሦስቱ ሲደመሩ ኔጌቲቭ ስድስት። ድምሩ ዜሮ እንዲሆን ሁለቱ ብረቶች ስድስቱን ይካፈላሉ፦ ለእያንዳንዱ ፖዘቲቭ ሦስት።

«ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረት ኪኒንስ?» አለች ያችው ልጅ። ፌረስ ሰልፌትን ጻፍንላት። ሰልፌት ኔጌቲቭ ሁለት፣ አንድ ለአንድ፤ እዚህ ብረቱ ሁለት ነው። አንጀታችንም ከሦስቱ ይልቅ ሁለቱን በቀላሉ ይወስዳል። ፌረስና ፌሪክ የሚሉት የድሮ ስሞች ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ይለያሉ እንጂ ቁጥሩን አይናገሩም። ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ ስቶክ በ1919 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ስሙ ውስጥ በሮማውያን አኃዝ እንዲገባ ሐሳብ ያቀረበው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነበር። ለተማሪ ትልቅ ውለታ ነው።

ከዚያ ማግኔታይት የተባለውን የብረት ማዕድን ሰጠኋቸው፤ ሦስት ብረት፣ አራት ኦክስጅን። ስምንት ለሦስት አልካፈል አለ። ክፍሉ ተንጫጫ፣ ያጠፋም ነበር፣ እንደገና የጀመረም ነበር። በመጨረሻ ከኋላ መቀመጫ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ፣ «ሦስቱም ብረቶች እኩል መሆን አለባቸው እንዴ?» አለ። የለባቸውም! አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት፤ ድምሩ ስምንት። ይህን መልስ ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ ቻርጁ ዜሮ መሆን አለበት ከሚለው ሕግ ብቻ ተነሥቶ ደረሰበት። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ሰኞ ያለቀ የሬዲዮ ድንጋይ ይዤ እገባለሁ። ቅርፊቱ ዚንክ ነው፣ በውህዶቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ከሁለት ንቅንቅ የማይል። ውስጡ ባለው ጥቁር ዱቄት ውስጥ ማንጋኒዝ(IV) ኦክሳይድ አለ፤ ማንጋኒዙ ፖዘቲቭ አራት ነው ማለት ነው። ቁጥር እያሻገረ የሚጽፍ ሁለት ማንጋኒዝ ለአራት ኦክስጅን ይላል፤ አቃልሎ አንድ ለሁለት የሚያደርሰው ማን እንደሚሆን ከወዲሁ ጓጉቻለሁ።