ኬዙ ታፍኖ ነበር

ኮምፒውተሬን ገጣጥሜ ከጨረስኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600፣ ግራፊክስ ካርዱ አርቲኤክስ 3060 ነው። ሁለቱንም ዘመዴ ከዱባይ ሲመለስ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ኬዝ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚገጠሙበት ሳጥን) ግን ለሻንጣ አይመችም፤ ባዶውን እንኳ ቦታውን ሁሉ ይይዛል። ስለዚህ እዚሁ አዲስ አበባ ያገኘሁትን ገዛሁ። ፊቱ ሙሉ መስታወት ነው፤ ከመስታወቱ ጀርባ መብራት ያላቸው ሦስት ፋኖች ተደርድረዋል። ሲያዩት ያምራል።

ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ሶፍትዌር ካርዱንም ፕሮሰሰሩንም አንድ ላይ አሠርቼ ረጅም ሬንደር (ምስሉን አስልቶ የማውጣት ሥራ) ስጀምር ግን 20 ደቂቃ ሳይሞላ ካርዱ 84፣ ፕሮሰሰሩ 88 ዲግሪ ገባ። የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያው 90 ነው፤ እዚያ ከደረሰ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቴርማል ፔስቱን፣ ማለትም ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት ነው። ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፤ የተለወጠው አንድ ዲግሪ ብቻ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት (ክፍሉ እኩል እንዲቀዘቅዝ ብዬ ሁሌ ማታ ነው የምለካው) የፊቱን መስታወት ነቅዬ ያንኑ ሬንደር ደገምኩት። ካርዱ 73፣ ፕሮሰሰሩ 79። ምንም ሳልጨምር፣ አንድ መስታወት በማንሳት ብቻ! ፋኖቹ አየር የሚስቡት በመስታወቱ ጎንና ጎን ካለች ጠባብ ስንጥቅ ነበር፤ ትንሿ ጣቴ እንኳ አትገባባትም።

ቀጥሎ ያደረግኩት ነገር ከሁሉም በላይ አስተምሮኛል። እናቴ ቡና አፍልታ እጣን ስታጨስ ማጨሻውን ተዋስኩና መስታወቱን መልሼ ገጥሜ ጭሱን በኬዙ ዙሪያ አዞርኩት። ፊት ለፊት ሲሆን ጭሱ ተንሳፍፎ ቀረ፤ ትንሽ ብቻ በስንጥቋ ገባ። ከኋላ፣ ካርዱ በተሰካበት በኩል ያሉት ክፍተቶች ጋ ሳደርሰው ግን እንደ ክር ተስቦ ወደ ውስጥ ገባ። የፊቶቹ ፋኖች በቂ አየር ስለማያገኙ፣ የኋላው ፋን የሚያስወጣውን አየር ኬዙ ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይተካ ነበር ማለት ነው። እነዚያ ክፍተቶች ደግሞ ማጣሪያ የላቸውም። ያ ሁሉ አቧራ ለምን እዚያ ጋ እንደሚጋገር ያኔ ገባኝ። (ብትሞክሩት ራቅ አድርጋችሁ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይሁን፤ የእጣን ጭስ ይጣበቃል።)

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በእኩል ፍጥነት ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያንሳል፣ ተሸክሞ የሚያወጣውም ሙቀት ያንሳል። ክፍላችን ቀዝቃዛ መሆኑ ያካክስልናል እንጂ የታፈነ ኬዝ እኛን የበለጠ ይጎዳናል።

ኬዙን ልቀይር ስነሳ ፍራክታል ቶረንት የሚባለውን በጣም ተመኝቼው ነበር፤ ፊቱ ላይ ሁለት ባለ 180 ሚሊሜትር ፋኖች አሉት። ግን ግዙፍ ነው፣ ዋጋውም ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ላያን ሊ ላንኩል 216ም ፊቱ ላይ ሁለት ባለ 160 ፋን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ፈልጌ አጣሁት። በመጨረሻ ያገለገለ ኮርሴር 4000ዲ ኤርፍሎው አገኘሁ። ፊቱ ወንፊት የመሰለ ብረት ነው። ሱቁ ውስጥ ነቅዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት፤ ከወዲያ ያለው ሰው በደንብ ይታያል። ከኋላው ያለው ማጣሪያም ወጥቶ ይታጠባል። ለእኔ ከመብራቱም ከመስታወቱም በላይ ወሳኙ ይህ ነው። የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ቁመትና የካርዱን ርዝመት ግን ለክታችሁ ሂዱ።

የድሮዎቹ ፋኖች ሶኬታቸው የራሳቸው ስለሆነ ማዘርቦርዱ ላይ አልሰካ አሉ። አዲሱ ኬዝ ላይ ካሉት ሁለት ፋኖች ሌላ አንድ ባለ 120 ገዝቼ ፊት ላይ ጨመርኩ፤ አሁን ሁለት ያስገባሉ፣ አንድ ያስወጣል። ያው ሬንደር፣ ያው ሰዓት፦ ካርዱ 72፣ ፕሮሰሰሩ 77። ድምፁም ስለቀነሰ አጠገቡ ቁጭ ብሎ መሥራት ተችሏል።

ትናንት ማታ ማጨሻውን እንደገና ወደ ኋላ ክፍተቶቹ አስጠጋሁት። ጭሱ ወደ እኔ ተገፋ።