የታይሮይድ ሕመም ካገኘኝ ወዲህ የምሠራው የዶሮ አልጫ

ሐኪሜ አንገቴ ውስጥ ያለው የታይሮይድ ዕጢዬ ሥራ መቀነሱን ከነገረችኝ ወዲህ፣ በቤቴ አዘውትሬ የምሠራው ወጥ የዶሮ አልጫ ነው። ወጡ መድኃኒቴን አይተካም፤ እርሱን ጠዋት በባዶ ሆዴ እወስዳለሁ። ይሁን እንጂ ዕጢው ሆርሞኑን ለመሥራት አዮዲን፣ ሰውነትም ሆርሞኑን ለመጠቀም ሴሊኒየም ስለሚያስፈልገው፣ ሴሊኒየም ያለበትን የዶሮ ሥጋና እንቁላል ከማዕዴ አላጠፋም።

አምስት ራስ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ ከትፌ፣ ያለ ዘይት፣ በለሰለሰ እሳት ላይ ውኃ ጠብ እያደረግሁ አቁላላለሁ። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ ሽንኩርቱ ሳይጠቁር ሟሙቶ ከድስቱ ጠርዝ መላቀቅ ሲጀምር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ እጨምራለሁ። ከዚያም ቆዳው ተገፎ በሎሚ የታጠበውን ዶሮ ከትቼ፣ ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ እስኪለቅ ድረስ አበስለዋለሁ። የተቀቀለው እንቁላል በመጨረሻ ይገባል።

አዮዲን የተጨመረበትን ጨው ግን ድስቱን ካወረድሁ በኋላ ነው የምጨምረው፤ አዮዲን በሙቀትና በእርጥበት ይባክናልና። በዚሁ ምክንያት የጨው ዕቃዬን ከምድጃው አጠገብ አንሥቼ ክዳን ባለው ብርጭቆ አኑሬዋለሁ። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ገደማ ስለሆነ፣ ጨው ማብዛት ጥቅም የለውም።

ወጣቸውን አዮዲን ባልተጨመረበት አሞሌ ጨው ያጣፍጡ የነበሩት አያቴ፣ አንገታቸው ላይ የነበረውን እንቅርት በነጠላቸው ጫፍ ሲሸፍኑ ዛሬም ይታየኛል።